አክስቴ በብብቷ ያሞቀችው ደም

ምሳ ላይ ከሆናችሁ ይህን አሁን አታንብቡት። ብሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ትንሽ አረፍ በሉና ተመለሱ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሽንት ነው፣ ትውከት ነው፣ ዝንብና ጉንዳን ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀን ውሎ ሌሊት ያደረ፣ በሰው ብብት የሞቀ ደም ነው። አስጠንቅቄያለሁ። ኋላ ‹‹ይቺ ልጅ ምግባችንን አበላሸችብን›› ብትሉ አልሰማም።

ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ፍኖተ ሰላም ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ እማራለሁ፤ ቤተሰቦቼ ያሉት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ቀፋፊ ነገር ጠላቴ ነው። ዝንብ ያረፈበትን እንጀራ ቆርሼ እጥላለሁ፤ ንፍጡ የወረደ ሕፃን ሲጠጋኝ እሸሻለሁ፤ በረት ስጠርግ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ እጠመጥማለሁ። እናቴ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ገና ከደጅ ስታየኝ፣ ‹‹እሜቴ ጠያፊት መጣችላችሁ፣ ቤቱን እጠቡ!›› ትላለች።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ስገባ ግን እንዲህ የምትለኝ እናት አላገኘሁም። መደብ ላይ ተኝታለች። ጉንጯ ገብቷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል። ቅል ሙሉ ውሃ ትጠጣለች፤ ቅሉን ከአፏ ሳታወርድ ሌላ ትላለች። የጠጣችው ደግሞ ሆዷ ውስጥ አይቆይም፣ በሽንት ይወጣል። ደጅ መውጣት ስላቃታት ከመደቡ ሥር የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጦላታል። ቆርቆሮውን መድፋት የማን ሥራ ሆነ? የእሜቴ ጠያፊት! ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እጄን የተቻለኝን ያህል ዘርግቼ እየሮጥሁ እደፋዋለሁ። አንዳንዴ ይረጨኛል። ያን ጊዜ እጄን በአመድ እስኪቀላ እፈትገዋለሁ።

ጠበል ተወሰደች። ዓይን ነው ተብሎም ታጠነች። ምንም። በመጨረሻ አባቴና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመዋት ቡሬ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድን። ድሬሰሩ፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው፣ አያት፤ ዓይኗን ገለጥ፣ ምላሷን አየት አደረገና፣

‹‹የስኳር በሽታ ሳይሆን አይቀርም›› አለ። ‹‹ግን እኔ ዘንድ መመርመሪያው ካለቀ ቆየ። ፍኖተ ሰላም ትሂድ።››

እናቴ በዚያ ድካሟ እንኳ ራሷን ቀና አደረገች። ‹‹በምን? በመኪና? እኔ መኪናስ አልወጣም። መኪና ከገባሁ አንጀቴ በአፌ ነው የሚወጣ።››

‹‹አትችልም፣ እውነቷን ነው›› አሉ አባቴ። ‹‹አንድ ጊዜ ደምበጫ ድረስ ወስጃት ሞታብኝ ነበር ማለት ይቻላል።››

ድሬሰሩ ውጭ የተኮለኮለውን በሽተኛ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። ‹‹እንግዲያስ ደሟን ልቅዳላችሁና ደሟን አድርሱላት።››

ደሙን የቀዳበትን ዕቃ ልንገራችሁ። ባዶ የፔኒሲሊን ጠርሙስ ነበር፤ አውራ ጣት የምታህል። ከባልዲ ውሃ ቀዳባት፣ ወዝወዝ አደረጋት፣ ደፋት፣ በቃ። ጎማ ክዳኗ ጠፍቷል። እዚያው መስኮት ላይ ከተጣለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሰበር አድርጎ ወተፈባት። ያንን በቆሎ ማን ጋጠው? እኔ እንጃ! የእናቴ ደም በሰው ጥርስ በተጋጠ ቆረቆንዳ ተከደነ።

‹‹ቶሎ አድርሱት›› አለ ድሬሰሩ። ሌላ አልተናገረም። ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ጠርሙሷን የተቀበለችው አክስቴ አንጓች ናት፣ የእናቴ ታናሽ። አክስቴ እህቷን ከገዛ ልጆቿ አስበልጣ ትወዳለች። እናቴ ከታመመች ጀምሮ ቤቷን ትታ እኛ ዘንድ ነው የምታድረው። ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረመችና ወደ እኔ ዞረች።

‹‹ይሄ ደም አሁን ከሞቀ ገላ ነው የወጣ አይደል? ብርድ ቢያገኘውስ? ይሞታል እኮ! የሞተ ደም ይዘን ሄደን ሐኪሙ ምኑን ያየዋል?››

እውነቷን መሰለኝ። እኛ አገር የደከመ ነገር ሁሉ ይሞቃል። ግልገል ሲደክም በጋቢ ተጠቅልሎ እሳት ዳር ይተኛል፤ አራስ ትሸፈናለች፤ ጫጩት እንኳ ስትደነዝዝ ብብት ውስጥ ነው የምትገባ። የደከመን ነገር ማቀዝቀዝ የሚባል አናውቅም። አክስቴም ግልገሉን እንደምታደርገው አደረገች። ጠርሙሷን በጨርቅ ጠቅልላ በቀሚሷ አንገት አስገብታ ብብቷ ሥር ወሸቀቻት፤ ክንዷን ገጠመች፤ ከላይ ጋቢዋን ደረበች።

‹‹ደግሞ የሰው ደም ተገልጦ በመንገድ አይኬድበትም›› አለችኝ። ‹‹ስንት ዓይን አለ።››

እናቴን አባቴና ጎረቤቶቻችን ወደ ቤት መለሷት፤ እኔና አክስቴ ፍኖተ ሰላም ለመሄድ ተሳፈርን። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ አልነቃነቅ አለ። ፀሐዩ ጣሪያውን ያነደዋል። ከፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ቅቤ ይዛለች፤ ቅቤው ቀልጦ ከኮባው እየተንጠባጠበ እግሬ ሥር ይወርዳል። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ትንባሆ ያኝክና በመስኮቱ ይተፋል፤ ነፋሱ ምራቁን ይመልስልኛል። አክስቴ ላቧ በጆሮዋ ሥር ይንቆረቆራል፤ ክንዷን ግን ንቅንቅ አላደረገችም።

‹‹አክስቴ፣ አልሞቀሽም?››

‹‹ዝም በይ አንች! እኔን ሲሞቀኝ ነው እሱን የሚሞቀው።››

ኬላው ላይ ስንደርስ ሁላችንም ወረድን። ያኔ ያለይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ የለም፤ የገበሬ ማኅበር ማኅተም ያለበት ወረቀት ይታያል፣ ዕቃ ይፈተሻል። የእኛን ወረቀት ያየው አብዮት ጠባቂ ወጣት ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል። ወረቀቱን መለሰልንና አክስቴን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት።

‹‹ክንድሽን አንሺ።››

‹‹አላነሳም።››

‹‹ለምን?››

‹‹ብብቴ ሥር ቁስል አለብኝ፣ የኔ ወንድም።››

አክስቴ ውሸት አትችልም። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ‹‹አንሺ አልሁ!››

ጨርቁ ወጣ፣ ጠርሙሷ ወጣች። ልጁ ቆረቆንዳውን በጥርሱ ነቀለና፣ አዎ በጥርሱ ነው ያልኋችሁ፣ አፍንጫውን ሰድዶ አሸተተ።

‹‹ደም ነው!››

‹‹ደም ነው›› አለች አክስቴ።

‹‹የማን ደም?››

‹‹የእህቴ።››

‹‹እህትሽ የታለች?››

‹‹ተኝታለች።››

‹‹ማን ነው ያደማት?››

‹‹ሐኪሙ ነዋ!››

‹‹ሐኪም ያደማው ከሆነ ምን ትደብቂዋለሽ?››

አክስቴ ‹‹እንዳይበርደው ነው›› ብትለው ሳቀባት። እኔ ተማሪ መሆኔን፣ ለምርመራ እንደምንወስደው ብናገር ብለፈልፍ አልሰማም አለ። በዚያ ዘመን ጠርሙስ ውስጥ ያለ የሰው ደም ተደብቆ ሲገኝ ማን ነው ኃላፊነት የሚወስድ? አለቃው ምሳ ሄዷል፤ እስኪመለስ ጠብቁ ተባልን። ቆረቆንዳውን መልሶ ወትፎ ጠርሙሷን የኬላው ቆርቆሮ ቤት መስኮት ላይ፣ ፀሐይ በሚያቃጥለው ላይ አቆማት። አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ። ዝንቦቹ መጡ። መጀመሪያ ቆረቆንዳው ላይ፣ ቀጥሎ አንገቷ ላይ፣ ኋላ ጠርሙሷ ራሷ የምትንቀሳቀስ እስክትመስል ድረስ ወረሯት። አክስቴ ከሩቅ እየጮኸች ‹‹እሽ! እሽ!›› ትላለች፤ መጠጋት ተከልክላለች።

አለቃው ሲመጣ እስኪያስለው ሳቀ። ‹‹ይሄን ደም ሌላ ሰው ሳያየው ውሰዱልኝ፤ ምሳዬን ልታስመልሱኝ ነው›› አለና ፍኖተ ሰላም በሚሄድ የእህል መኪና ላይ አሳፈረን። ስንደርስ ላቦራቶሪው ተዘግቷል። እኔ ቤት አደርን። አክስቴ ጠርሙሷን ከብብቷ አላወጣቻትም፤ ጎኗን እንኳ አልቀየረችም። ጠዋት ስንነሳ ከጋቢዋ ውስጥ አንድ ሽታ መጣ። ሽታውን ለመግለጽ ብዙ ሞከርሁ። የእርድ ቦታ ላይ ዝናብ ዘንቦ በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣበት ያለውን ታውቁታላችሁ? እሱ፣ ከላብ ጋር።

የላቦራቶሪው ሰው ጋሽ ታረቀኝ ይባላሉ። ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸው ንጹሕ፣ ጥፍራቸው የተከረከመ። እንደ እኔው ጠያፊ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ወደድኋቸው። በትንሿ መስኮት በኩል ጠርሙሷን ስንሰጣቸው ቆረቆንዳውን በሁለት ጣት ነቀሉ። ወዲያው ራሳቸውን ወደኋላ መለሱ፤ አፍንጫቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ።

‹‹ኡፍ! ምንድን ነው ይሄ?››

‹‹ደም ነው፣ ጌታዬ›› አለች አክስቴ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቁ ኖሮ! መቼ ተቀዳ? በቃ፣ ይቺን ብቻ። አልጠየቁም። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነበር። ጠርሙሷን ትሪ ላይ ጣል አደረጓት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ‹‹ከሰዓት ኑ›› አሉን።

ከሰዓት ውጤቱን ሐኪሙ አየው። ገና ወጣት ሐኪም ነው፤ ጥሩ ሰው፤ ግን ዓይኑ ከወረቀቱ አይነሳም። ‹‹ስኳሯ በጣም ወርዷል›› አለ። ‹‹የደከመችው ለዚህ ነው። ጣፋጭ ነገር ስጧት። ማር በውሃ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ቶሎ ቶሎ።››

አክስቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የስኳር በሽታ የተባለው የስኳር ማነስ መሰለን። መድኃኒቱ ማር! ይሄማ በእጃችን ነው!

አገር ቤት ስንደርስ ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ያኔ ስኳር በገበሬ ማኅበሩ ሱቅ በራሽን ነው የሚገኝ፤ ያውም ሲመጣ። ጎረቤቶቻችን ግን ከየጓዳቸው አወጡ። አንዷ በጨርቅ ቋጥራ፣ አንዷ በብርጭቆ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ ያስቀመጡትን ማር ከነእንስራው ይዘው መጡ። ‹‹ትጠጣ፣ አይተርፈንም›› አሉ። አሁንም ሳስበው እንባዬ ይመጣል። በፍቅር ነበር የሚገድሏት።

እናቴ ጠጣች። በጠጣች ቁጥር ጥሙ ባሰ። ጥሙ በባሰ ቁጥር አክስቴ ማሩን አበዛችው። ቀጥሎ ማስመለስ ጀመረች። መደቡ ላይ፣ ጋቢዋ ላይ፣ አንድ ጊዜም ጭኔ ላይ። ትንፋሿ ፈጠነ፤ እንደሮጠ ሰው ከሆዷ ትተነፍሳለች። አፏም ሌላ ሽታ አመጣ፤ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል፣ አረቄ አረቄ የሚል።

‹‹ማን ነው አረቄ የሰጣት?›› ብለው አባቴ ተቆጡ።

‹‹ማንም አልሰጣት፣ ኧረ በማርያም!›› አለች አክስቴ።

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮውን ልደፋ ጎንበስ አልሁ። እንደ ልማዴ ዓይኔን ልጨፍን ስል አንድ ጥቁር ክር የሚመስል ነገር ከግድግዳው ሥር ሲመጣ አየሁ። ጉንዳን ነው። መስመሩ የማሩን እንስራ አልፎ፣ ልብ በሉ እንስራው ክፍት ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል። የቆርቆሮው ከንፈር በጉንዳን ጠቁሯል። ግማሾቹ ሽንቱ ውስጥ ሰጥመው ይንሳፈፋሉ፤ ሌሎቹ በሞቱት ላይ ቆመው ይልሳሉ። ደጅ ሮጬ አስመለስሁ።

አፌን ስጠርግ ነው የባዮሎጂ መምህራችን ትዝ ያሉኝ። ስለ ኩላሊት ሲያስተምሩን፣ ‹‹ስኳሩ የበዛበት ሰው ሽንቱን ጉንዳን ይወርረዋል›› ብለው ክፍሉ በሙሉ ‹‹ኤጭ!›› ብሎ ነበር። ከሁሉም ጮክ ብዬ ኤጭ ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ቆምሁ። የእናቴ ስኳር ወርዷል ተባለ። ታዲያ ጉንዳኖቹ ምን ሊልሱ መጡ?

ስገባ አክስቴ የእናቴን ራስ ክንዷ ላይ አስደግፋ ማር በውሃ እያስጠጣቻት ነው። ዋንጫውን ከእጇ ነጠቅሁና ደጅ ደፋሁት። ከዚያ የስኳሩን ቋጠሮ አንስቼ እሱንም ደፋሁት።

‹‹አበደች! ኧረ ልጅቱ አበደች!›› ብላ ጮኸች አክስቴ።

አባቴ ከበረት ሮጠው ገቡ። ‹‹ምንድን ነው?››

‹‹የሰው ስኳር ደፋች! ለነፍስ የተለመነውን!››

አባቴ ክንዴን ያዙኝ። መትተውኝ አያውቁም፤ በዚያ ቀን ግን እጃቸው ተነሥቶ ነበር።

‹‹አባ፣ ይምቱኝ›› አልኋቸው። ‹‹ግን መጀመሪያ ቆርቆሮውን ይዩት። ማሩን ትተው ሽንቷን ነው የወረሩት። ስኳሩ ያለው እዚያ ነው! እማ ስኳር አላነሳትም፣ ሞልቶ እየፈሰሰባት ነው! ያ ወረቀት ዋሽቷል!››

አባቴ ጎንበስ አሉ። አዩ። ፊታቸው ተኮማተረ። ጉንዳኑን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ የማሩን እንስራ አይተው፣ እንደገና ቆርቆሮውን አዩ። እጄን ለቀቁኝ።

‹‹ደሙን መርምሮ እኮ ነው የጻፈው›› አለች አክስቴ። ‹‹በብብቴ ይዤው የሄድሁትን።››

‹‹እንግዲህ አሁን ደሟን አንልክም›› አሉ አባቴ። ‹‹እሷኑ ነው የምንወስዳት። ታስታውክም እንደሁ ታስታውክ።››

ስለዚያ ጉዞ አጭር አደርገዋለሁ። እናቴ አስታወከች። አንዱ ተሳፋሪ ‹‹አውርዷት! ልትጨርሰን ነው!›› ሲል፣ እኔ፣ እሜቴ ጠያፊት፣ ትውከቱን በገዛ ነጠላዬ እየጠረግሁ፣ ‹‹አንተ ውረድ!›› አልሁት። ሰውዬው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም በራሴ ደነገጥሁ። እጄ እስከ ክርኔ እርጥብ ነበር፤ ግን ያኔ የሚያስጨንቀኝ ሽታው አልነበረም። ትንፋሿ እየራቀ ነበር። ስጠራት ‹‹እ?›› ትላለች፣ ቀጥሎ ‹‹እ›› ማለቱንም ተወችው።

ጋሽ ታረቀኝ ቃሬዛው ላይ እንዳለች ደሟን ራሳቸው ቀዱ፤ በንጹሕ ብልቃጥ። ወዲያው በእጅ የምትዞር ማሽን ውስጥ ከትተው አሽከረከሩት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ‹‹ውጪ›› ብለውኝ አልወጣም ብያለሁ። ከላይ የወጣውን ቢጫ ውሃ ለይተው መድኃኒት ጨመሩበት፣ አፈሉት። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ስኳሩ በዝቷል ማለት ነው። ቀለሙ ደመቀ። ደመቀ። መሣሪያቸው ሊያነበው እስኪያቅተው ድረስ ደመቀ። አቅጥነው ደገሙት፤ እንደዚያም ሆኖ ደመቀ። እኒያ ረጋ ያሉ ሰውዬ ጋዋናቸው እየተውለበለበ ወደ ሐኪሙ ሲሮጡ አየኋቸው።

ሊሰጧት የነበረውን ግሉኮስ ተዉት፣ ኢንሱሊን የሚባለው መርፌ ተሰጣት፣ ውሃ በደም ሥሯ ገባ። ሐኪሙ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሣም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ጋቢዋን አሸተተችና ፊቷን አጠቆረች።

‹‹አንች ልጅ፣ ማን ነው እዚህ ያስታወከ? እንዴት ይሸታል!››

እኔና አክስቴ ተቃቅፈን አለቀስን፤ እንደ እብድም ሳቅን።

እናቴ ሐኪም ቤት በተኛችባቸው ቀናት ላቦራቶሪው በር ላይ መቆም ልማዴ ሆነ። ደሙን እንዴት እንዳመጣነው ከነገርኋቸው በኋላ አንድ ቀን ጋሽ ታረቀኝ ‹‹ግቢ እስቲ›› አሉኝና ሁለት ብልቃጥ አሳዩኝ።

‹‹ሁለቱም የእናትሽ ደም ነው፤ ትናንት ጠዋት በአንድ መርፌ የቀዳሁት። ይሄኛውን ወዲያው አሽከርክሬ ውሃውን ለይቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥሁት። ይሄኛውን እንዳለ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ላይ ተውሁት።››

ዓይኔ እያየ ሁለቱንም ሲመረምሯቸው የመጀመሪያው ቀለም ደማቅ፣ የሁለተኛው ገርጥቶ ውሃ ሊመስል ምንም አልቀረው። የአንድ ሰው ደም! የአንድ ጠዋት!

‹‹የት ሄደ ስኳሩ?›› አልሁ።

‹‹በላው።››

‹‹ማን?››

‹‹ደሙ ራሱ። ደም ከሰውነት ስለወጣ አይሞትም፣ ልጀ። ሕዋሱ በሕይወት ነው፤ ይበላል። የሚበላው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ስኳር ነው። ሲቀዘቅዝ ያንቀላፋል፤ ሲሞቅ ይስገበገባል። ጠርሙሱ ንጹሕ ካልሆነማ ከቆረቆንዳውም ከዝንቡም የመጣው ተባይ ሁሉ አብሮት ማዕድ ይቀርባል። አክስትሽ ብብት ውስጥ ድግስ ነበር።››

አክስቴን አሰብኋት። ላቧ በጆሮዋ ሥር ሲወርድ፣ ጎኗን ሳትቀይር ስታድር። በዚያ ሁሉ ሰዓት የእናቴን በሽታ ምልክት ለደሙ እያስበላች ነበር፤ በፍቅር እያሞቀች። በእሷ መናደድ አልቻልሁም። ሌላ ነገር ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

‹‹ጋሼ፣ ያን ቀን ሸትቶዎት ነበር። አፍንጫዎን በክንድዎ ሸፍነው ነበር።››

‹‹ነበር›› አሉ፣ ብልቃጦቹን ወደ ቦታቸው እየመለሱ።

‹‹ታዲያ ለምን አልጻፉትም?››

‹‹ወረቀቱ ላይ ለሽታ የሚሆን ቦታ የለም›› አሉኝ። ሳይሳደቡ፣ ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ ራሳቸውም አሁን ገና የሰሙት ይመስል ነበር። ‹‹ለቁጥር ነው ቦታ ያለው። ቁጥር አገኘሁ፤ ቁጥር ጻፍሁ።››

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ስለ ሽንቱ ነገርኋችሁ፣ ስለ ትውከቱ፣ ስለ ጉንዳኑ፣ ስለ ዝንቡ ነገርኋችሁ። ሁሉም ቀፍፎኛል። ሁሉንም ግን በሳሙና ታጠብሁት፣ ወጣ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው አንጀቴ የሚገለበጥብኝ ያ ወረቀት ነው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አንዲት ቁጥር የተቀመጠበት ወረቀት። ያን የመሰለ ቆሻሻ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የሸተተ ደም ገብቶበት ሽታ የሌለው ቁጥር ወጣ፤ ሐኪሙ ቁጥሩን አመነ፤ እኛ ሐኪሙን አመንን፤ እናቴ ማር ጠጣች። ቆርቆሮው ግን አንድም ቀን አልዋሸንም። ከመደቡ ሥር ተቀምጦ፣ የሚያየው አጥቶ፣ እውነቱን ይናገር ነበር፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እደፋዋለሁ!

ከዚያ ወዲህ መጠየፌን አልተውሁም፤ ቦታውን ነው የቀየርሁት። አሁን ቆሻሻ ሲገጥመኝ ዓይኔን አልጨፍንም፤ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ እያቅለሸለሸኝ አያለሁ። ንጹሕ ነገር ሲሰጡኝ ነው የማሸተው። ከየት መጣህ? መቼ ተቀዳህ? ማን አቆየህ? በምን ላይ? እናንተም ነገ እናታችሁ ብትታመም፣ የደሟን ውጤት ይዘው ሲመጡላችሁ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ‹‹ምን አገባችሁ›› ቢሏችሁም ጠይቁ።

ያ ዘመን ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኑ፤ እናቴ አሁን በመርፌ ነው የምትኖረው። ለምርመራ ቀጠሮዋ ራሷ ትሄዳለች፤ በፌስታል ውስጥ እያስታወከች፣ አውቶቡሱን እየረገመች። ባለፈው ሳምንት አብሬያት ሄጄ ላቦራቶሪው ደጅ አግዳሚው ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ ከመስኮቱ ጩኸት ሰማን። ፈረስ ቤት ከሚባል አገር የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ከሱፍ ቆብ ውስጥ ጠርሙስ አውጥቶ ይዟል። ጋሽ ታረቀኝ ጠርሙሱን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸውን አኮማተሩ።

‹‹መቼ ተቀዳ?››

‹‹ትናንት ነው፣ ጌታው።››

‹‹አልመረምረውም›› አሉና ጠርሙሱን መለሱለት።

‹‹ምን ማለት ነው አልመረምረውም? ስንት ተራራ ወርጄ! አቅፌው አድሬ! እንዲያው ያዩትን ይጻፉልኝና ልሂድ!››

‹‹ተበላሽቷል፣ ወንድሜ። ሐሰት ነው የሚነግረኝ።››

‹‹ደምም ይዋሻል?›› አለ ሰውዬው፣ ሕዝቡን እያየ፣ ፍረዱኝ እንደማለት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከወንበሩ ተነሣች። አጠገቡ ደረሰች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ሽታው ደረሳትና አፍንጫዋን ያዘች።

‹‹ይዋሻል፣ የኔ ልጅ። የኔው ደም ዋሽቶብኝ ልሞት ነበር። የማን ነው?››

‹‹የእናቴ።››

‹‹በል ይሄን ጣልና ሂድ፣ እናትህን አምጣት።››

‹‹መራመድ አትችልም እኮ፣ እማማ።››

‹‹እኔስ ያኔ በእግሬ የመጣሁ መሰለህ?››

ሰውዬው እናቴን አያት። የቆመችበትን እግሯን፣ የሞላውን ጉንጯን አያት። ከዚያ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፣ ቆቡን አራግፎ ራሱ ላይ አደረገና ወደ በሩ ሮጠ።